ለሚስ ቲዛርድ የመጣው ደብዳቤ

ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ያመኛል፣ ጥርሴ አልቋል፤ ከዚህ በኋላ ማንም ደህና ነገር እንዲያስብልኝ ብዬ የምለፋበት ምክንያት የለኝም። ስለዚህ ነገሩን እንደነበረው እጽፈዋለሁ። የሚያነበው ሰው ይዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ እኔ ራሴ ለራሴ አላዝንም።

ስሜ ሄስተር ቲዛርድ ይባላል። አባቴ ስቶክ ኮምብ ውስጥ ጓንት ሰሪ ነበር። ቆዳውን እሱ ይቆርጣል፣ በየመንደሩ ያሉ ሴቶች ደግሞ ይሰፉለታል። እናታችን ታናሼን ፊቢን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ሞተች። በእኔና በፊቢ መካከል ሰባት ዓመት አለ። እሷ ስትስቅ ሰው ሁሉ አብሯት ይስቃል፤ እኔ ስስቅ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ይሉኛል።

ስለ ስም አንድ ነገር ልናገር፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። በእኛ ዘንድ የቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ እስክታገባ ድረስ የምትጠራው በአባቷ ስም ብቻ ነው። «ሚስ ቲዛርድ» ከተባለ ታላቂቱ ናት፣ አለቀ። ታናሺቱ «ሚስ ፊቢ» ትባላለች፤ ሲጻፍላትም «ለሚስ ፊቢ ቲዛርድ» ተብሎ ነው። ይህን ያልጠበቀ ሰው እንዳልተማረ ይቆጠራል። ታላቂቱ ወደ ሌላ አገር ከሄደች ግን ቤት የቀረችው ስሙን ትይዘዋለች። ታላቂቱ በተመለሰች ቀን ደግሞ ማንም ሳይናገር ስሙ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

እኔ ከቤት የወጣሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የእናቴ እኅት ላይም በሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ብቻዋን ትኖር ነበር። ለመራመድ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ለመቆጣት ግን አጥሯት አያውቅም። አባቴ «ለጥቂት ወር ነው፣ ልጄ» ብሎ ላከኝ። ጥቂቱ ወር ስድስት ዓመት ሆነ። ጠዋት ስብከት አነብላታለሁ፣ ከሰዓት ትራሷን አገላብጥላታለሁ፣ ማታ ደግሞ ስብከቱን ስታነቢ እንደ ገበያ ጩኸት ነው ትለኛለች። በዚያ ቤት ደጃፍ የሚረግጡት ወንዶች ሐኪሙና ከሰል አቅራቢው ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎች ናቸው። ፊቢ በእነዚያ ዓመታት አድጋ፣ የአባታችንን ቤት ይዛ፣ ለከተማው ሁሉ «ሚስ ቲዛርድ» ሆና ነበር።

በመጨረሻው ጥር ወር አንድ እንግዳ መጣ። አምብሮስ ራክስተር ይባላል፤ በእኛ ከተማ ከአጎቱ ዘንድ ኮርቻ መሥራት ተምሮ፣ በመጸው ኤክሰተር ሄዶ የራሱን ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ላይም ላለ ደንበኛ ኮርቻ ሊያደርስ ሲመጣ አባቴ የላከልኝን እቃ ይዞልኝ ነበር። አክስቴ ተኝታ ስለነበር ሻይ አቀረብኩለትና ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ። ሻዩን ሳይጠጣው ቀዘቀዘ፣ ጥያቄው አላልቅ ብሎት።

«እኅትዎ ምን ማንበብ ይወዳሉ?» አለኝ።

«ያገኘችውን ሁሉ።»

«መዝፈኑንስ ከማን ተማሩ? ከእርስዎ መሆን አለበት።»

«እኔ ድምፅ የለኝም» አልኩት።

«ኧረ ተዉ! የአንድ ቤት ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ሆንሽም አላለኝም። ሲወጣ ባርኔጣውን ረስቶ ከደጅ ተመለሰና ይቅርታ ጠየቀኝ። ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ያወራነው ስለ ፊቢ መሆኑን አላጣሁትም። ቢሆንም የተቀመጠበትን ወንበር ለሦስት ቀን ከቦታው አላነሣሁትም።

አክስቴ በየካቲት ሞተች፣ እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በመጣሁ በማግሥቱ ጎረቤታችን ሚስስ ፕሩየት እንኳን ደህና መጣሽ ልትለኝ መጣች። «ሚስ ቲዛርድ፣ እስቲ አንድ ስኒ ድገሚኝ» ስትል ፊቢ እንደ ልማዷ የሻዩን በራድ አነሣችው። ወዲያው ደግሞ አስቀመጠችው።

«ውይ! እኔ እኮ ከዛሬ ጀምሮ ሚስ ፊቢ ነኝ» አለችና በሳቅ ፈረሰች። «እንኪ ሄቲ፣ በራዱም ስሙም ያንቺ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ከልቤ ደስ አለኝ። ስድስት ዓመት የሰው ትራስ ሳገላብጥ ኖሬ የራሴ የሆነ ነገር እጄ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። በበራድ ደስ የሚለው ሰው ምን ያህል እንደተራበ እናንተው ፍረዱ።

ደብዳቤው የመጣው በሚያዝያ ነው፣ ቦናፓርት ከዙፋኑ ወረደ ተብሎ ደወሉ ሲደወል በሰነበተበት ሰሞን። ፊቢ የተሰፉ ጓንቶችን ልትሰበስብ ወደ መንደሮቹ ሄዳለች። አባቴና እኔ ቁርስ ላይ ነን። የቤታችን ሠራተኛ ጁዲት ደብዳቤውን ይዛ ገባች።

«ለሚስ ቲዛርድ ይላል። ከኤክሰተር ነው፤ የወንድ እጅ ጽሑፍ ነው» አለችና አልወጣም ብላ ቆመች።

አባቴ ቢላዋውን አስቀመጠ። በእኛ አገር ያላገባ ወንድ ላላገባች ሴት ስለ ብርድና ስለ ሙቀት አይጽፍም። የሚጽፍበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው።

«ውድ ሚስ ቲዛርድ» ይላል። ሱቁ እንደቆመለት፣ ከላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ፀሐይ እንደሚያገኙ፣ ሚስቱ ብሆን ዕድሜውን ሙሉ ሊያመሰግነኝ እንደሚኖር ይላል። ሦስቱን መስመር የእኔ ነው ብዬ አነበብኩ። አራተኛው መስመር «ከመኸሩ እራት ምሽት ጀምሮ፣ ዘፍነው ከጨረሱ በኋላ ፋኖስ ይዤ ቤትዎ ካደረስኩዎ ወዲህ፣ ሌላ ሴት አስቤ አላውቅም» ይላል።

የመኸሩ እራት በመስከረም ነበር። በመስከረም እኔ ላይም፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ዘፍኜም አላውቅም።

አራተኛው መስመር ላይ አወቅሁ። ሰውዬው የአክስቴን መሞትና የእኔን መመለስ አልሰማም፤ ስሙ ወደ እኔ መዞሩንም አላወቀም። ፊቢን ሁልጊዜ እንደሚጠራት አድርጎ ጻፈላት። ነገሩ ይኸው ነው። ከአራተኛው መስመር በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

«ምን ይላል? ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው እንጂ!» አለ አባቴ።

አነበብኩለት። አራተኛውን መስመር በአውራ ጣቴ ሸፍኜ፣ ሦስተኛውን ከአምስተኛው ጋር አገጣጥሜ አነበብኩለት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«ለካ ላይም ነው ነገሩ የተጠነሰሰው!» አለ አባቴ ጠረጴዛውን እየመታ። «ግማሽ ሰዓት ተቀመጠ ብለሽ ጽፈሽልኝ አልነበር?»

«ተቀምጧል አባዬ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ።»

ጁዲት በሩ ላይ «ኮርቻ ሰሪው? እንዴ፣ እሱ እኮ ከሚስ ፊቢ ጋር…» ብላ ጀመረች።

«ከሚስ ፊቢ ጋር ምን?» አልኳት ዞሬ።

ዓይኔን አየችው። «ምንም የለም፣ እመቤቴ» ብላ ሰሃን ማንሳት ጀመረች። ጁዲት ከእኛ ቤት በቀር መሄጃ አልነበራትም፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

ፊቢ ከሰዓት በኋላ ቅርጫቷን ይዛ ስትገባ አባቴ እስክታርፍ እንኳ አልጠበቀም። «ስሚ፣ አምብሮስ ራክስተር እኅትሽን ጠየቃት!» አላት።

«ማንን?»

«ሄስተርን ነዋ! ማንን መሰለሽ?»

ፊቢ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ወደ እኔ መጥታ ሳመችኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ ሄቲ» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ደብዳቤውን ላየው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የእጮኛ ደብዳቤ ለሰው ይታያል እንዴ?» አልኳት።

ይህን የተናገርኩት ፈገግ ብዬ ነው። በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ተናግሬያለሁ፤ አፌ ስለት እንዳለው ከተማው ያውቃል። እንደዚያች ያለ ግን ተናግሬ አላውቅም። ፊቢ «እውነትሽን ነው» ብላ ጓንቶቹን ልትቆጥር ሄደች።

መልሱን በዚያው ቀን ጻፍኩ። «ጥያቄዎን በደስታ ተቀብያለሁ። ቅዳሜ አባቴን ያነጋግሩ። ቲዛርድ።» ሄስተር ብዬ ብፈርም ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነክሬ ጥቂት አሰብኩና ተውኩት።

ቅዳሜ አምብሮስ መጣ። አባቴ ከበሩ ወጥቶ፣ ሚስስ ፕሩየት በአጥሯ ላይ ተንጠልጥላ እያየች፣ በሙሉ ድምፁ «የሄስተሬ እጮኛ መጣህልኝ? ግባ፣ ግባ የኔ ልጅ!» ብሎ አቀፈው። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ፤ አዲስ የአንገት ጥልፍ አድርጌያለሁ። አምብሮስ ከአባቴ ትከሻ በላይ አየኝ። ከዚያም ከበስተኋላዬ፣ ከላይ ያለችውን ፊቢን አየ። ፊቱ እንደ ሸማ ነጣ።

እዚህ ላይ እጮኝነት እንዴት እንደሚያስር ማወቅ ያስፈልጋል። ሴት ልጅ ሐሳቧን ብትቀይር ሁለት ሳምንት ትታማለች፣ ያልቃል። ወንድ ግን ቃሉን ሰጥቶ፣ እሺ ተብሎ፣ ኋላ ቢያፈገፍግ ሰው አይባልም። ሱቁ የሚገባ አይኖርም፣ ዳኛም ፊት ሊቆም ይችላል። አምብሮስ በጽሑፍ ሚስ ቲዛርድን ጠይቋል፤ ሚስ ቲዛርድም እሺ ብላለች። በሩን የመክፈቻው ቁልፍ ያለው በእኔ እጅ ብቻ ነበር።

ባርኔጣውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ሚስ ቲዛርድ፣ እጅግ አክብረውኛል» አለኝ። ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ወደ ፊቢ አላየም።

ጋብቻችን በቤተ ክርስቲያን መነበብ ጀመረ። ደንቡ ሦስት እሑድ ነው። ቄሱ የመጀመሪያውን እሑድ ሲያነቡ «አምብሮስ ራክስተር፣ ያላገባ፣ የኤክሰተር ነዋሪ፤ ሄስተር ቲዛርድ፣ ያላገባች፣ የዚህ ደብር ነዋሪ፤ እነዚህ ሁለቱ እንዳይጋቡ የሚያግድ ምክንያት የሚያውቅ ካለ ይናገር» አሉ። ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንገቴን ደፍቼ የመዝሙር መጽሐፌን ገለጥኩ፤ ሰዎቹም ዓይን አፋርነት መሰላቸውና ደስ ብሏቸው ተያዩ።

አምብሮስ ቢቆጣ፣ ቢያመናጭቀኝ እንዴት በቀለለኝ! እሱ ግን በየሳምንቱ ይጽፍልኝ ነበር። የጭስ መውጫው መጠገኑን፣ መጋረጃው አረንጓዴ ቢሆን እወድ እንደሆነ፣ ጎረቤቶቹ ደህና ሰዎች መሆናቸውን ይጽፍልኛል። ስለ ልቡ አንድ ቃል የለም፤ ስለ እኔ ምቾት ግን አንድ የረሳው ነገር የለም። በሁለተኛው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ወደ ኋላ ቀረን። መንገዱ ጭቃ ነበርና ክንዱን ሰጠኝ።

«ሚስተር ራክስተር፣ በደብዳቤዎ ስለ መኸሩ እራት ጽፈው ነበር» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም። ምናልባት እሱ እንዲናገረውና እኔ ከመናገር እንድድን ነው። ፈሪ ሰው ሁልጊዜ ሌላው ቀድሞ እንዲናገርለት ይፈልጋል።

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ጥቂት ተራመደ። «አዎ፣ ጽፌያለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እና?»

«እናማ፣ የጻፍኩት ሁሉ አሁን የእርስዎ ነው፣ ሚስ ቲዛርድ። ጭቃውን ይጠንቀቁ፣ እዚህ ጋ ያዳልጣል።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ስለ ጭቃው አመሰገንኩት።

በቤት ውስጥ ደግሞ ፊቢ የሠርጌን ጓንት ትሰፋ ነበር። የጓንት ሰሪ ልጅ ጓንቷን ከሌላ አትገዛም፤ አባት ይቆርጣል፣ እኅት ትሰፋለች። አባቴ ያለውን ሁሉ ለስላሳ ነጭ የግልገል ቆዳ አውጥቶ ከመካከሉ መረጠ። እያፏጨ ነበር የሚቆርጠው። ፊቢ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ትሰፋለች። እንደ ድሮው አትዘፍንም። እኔ ባለፍኩ ቁጥር «ቀና ብለሽ ዕረፊ እንጂ፣ ዓይንሽ ይጠፋል» እላታለሁ። የደግ ሴት ድምፅ ነበር የማወጣው።

ከሦስተኛው እሑድ በፊት ባለው ቅዳሜ አምብሮስ ምሳ ላይ መጣ። ሚስስ ፕሩየትም የሙሽራን ነገር ሳታይ የምትቀር ሴት አልነበረችምና ተገኘች። ከምሳ በኋላ አባቴ ጓንቶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣና «በሉ ሙሽሪት፣ እንያቸው» አለኝ።

ግራ እጄን አስገባሁ። ጣቶቼ ግማሽ መንገድ ሄደው ቆሙ። ሳብኩ። መገጣጠሚያዎቼ ላይ ደርሶ እምቢ አለ፤ ወደ ፊትም አይሄድ፣ ወደ ኋላም አይመለስ።

«እጅሽ አብጧል እንዴ?» አለች ሚስስ ፕሩየት።

«ደስታ እጅ አያሳብጥም» አለ አባቴ ግራ ገብቶት።

አምብሮስ ተነሥቶ አጠገቤ በርከክ አለ። ቆዳ የሚያውቅ ሰው ነው። «አይሳቡት፣ ይቀደዳል። እርጥብ ጨርቅ ይምጣልኝ» አለና እጄን በእጁ ላይ አሳርፎ ጓንቱን ከእያንዳንዱ ጣቴ ላይ በእርጋታ ያላቅቀው ጀመር።

አባቴ የልክ ወረቀቶቹን ሣጥን አመጣ። የያንዳንዱ ደንበኛ የእጅ ልክ በወፍራም ወረቀት ተቆርጦ፣ ስም ተጽፎበት እዚያ ይቀመጣል። አንዱን አወጣና ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። «ይኸው፣ ሚስ ቲዛርድ ይላል። የራሴ ጽሕፈት ነው። ምን ተሳሳትኩ?»

ጨርቁን ይዛ የገባችው ጁዲት ወረቀቱን አየችና ሳቋ አመለጣት። «ውይ ጌታዬ! ይኼ እኮ የሚስ ፊቢ ልክ ነው! ሚስ ሄስተር ላይም ሳሉ የቆረጡት። ያኔ ሚስ ቲዛርድ እሷ ነበረቻ! ወረቀቱ የትኛዋ ሚስ ቲዛርድ እንደሆነች በምን ይወቅ?»

ሚስስ ፕሩየትም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ሞተ። አባቴ ወረቀቱን እንደያዘ ቀረ። ጁዲት የተናገረችውን ራሷ ሰማችውና አፏን በጨርቁ ያዘች። ሁሉም ስለ አንድ ነገር እያሰቡ እንደነበር ለማወቅ ፊታቸውን ማየት አያስፈልገኝም ነበር። የአምብሮስ እጆች ቆመዋል። ጆሮው ደም መስሏል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ቀረችው ጣት አለፈና ያላቅቃት ጀመር።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እግዜር ግን እንዲህ ያለ ውለታ አይውልም። እናም ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ።

«ሌላ ቁረጥልኝ፣ አባዬ» አልኩ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ቆዳ አለ አይደል? ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ያልቃል። ሌላ ቁረጥ።»

«ቁረጠው አባዬ፣ እኔ እሰፋዋለሁ» አለች ፊቢ ከመስኮቱ ሥር። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። አንዲት የደከማት ሴት ሌላ ሥራ ስትቀበል የምትናገረው ነበር።

አምብሮስ ቀና ብሎ አያት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ያቺ እይታ አጭር ነበረች፣ አንድ እርምጃ የሚያስኬድ ጊዜ እንኳ አትሞላም። ግን እኔ ከሁለቱ መካከል ተቀምጬ አየኋት። እኔን እንደዚያ ያየኝ ሰው አልነበረም፤ ኤክሰተር ሄጄ ፀሐይ በሚያገኙት ክፍሎች ውስጥ ሃያ ዓመት ብቀመጥም እንደዚያ አያየኝም።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሰዎች ደግነት ይሉታል። ቅናት ነበር። ጓንቱን ከጣቴ መንጭቄ ወለሉ ላይ ጣልኩት።

«ይብቃ! አላገባም» አልኩ። «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈረስ ላብ ሲሸተኝ ልኖር ነው? የኮርቻ ሰሪ ሚስት ከመባል ቆሞ ቀር ብባል ይሻለኛል!»

በእንግዳ ፊት፣ በአባቴ ፊት፣ እጄ እንዳይጎዳ በርከክ ብሎ ጓንት ሲያላቅቅልኝ የነበረውን ሰው እንዲህ አልኩት። ስህተቱን የሠራው እሱ፣ የተበደልኩት እኔ ሆንኩ። አምብሮስ ተነሥቶ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ። «እንደ ፈቃድዎ፣ ሚስ ቲዛርድ» አለና ጎንበስ አለ። እኔ በሩን ወርውሬ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ደብዳቤውን በሻማ አቃጠልኩት፣ አራተኛውን መስመር ማንም እንዳያየው።

በወሩ ከኤክሰተር ሌላ ደብዳቤ መጣ። «ለሚስ ፊቢ ቲዛርድ» ይላል፤ «ፊቢ» የሚለው በትልቁ ተጽፎ ነበር። በጥቅምት ተጋቡ። እኔ አበባ ይዤ ቆምኩ።

ሁለት ሳምንት መታማቴን እየጠበቅሁ ሳለ ሌላ ወሬ ሰማሁ። ምስኪኗ ሄስተር ደብዳቤው የእሷ መስሏት ተደስታ እንደነበር፣ ጓንቱ እውነቱን ባወጣ ጊዜ ግን በዚያችው ደቂቃ ለእኅቷ እንደለቀቀችላት፣ ሰውዬውም እንዳይጸጸት ብላ አውቃ እንደሰደበችው ይወራ ነበር። ሚስስ ፕሩየት መንገድ ላይ አቅፋኝ አለቀሰች። «የኔ እመቤት፣ እንዳንቺ ያለ ልብ የለም!» አለችኝ። ቄሱ ስለ መሥዋዕትነት ሲሰብኩ ወደ እኔ አዩ። ወሬው ከየት እንደተነሣ አላውቅም ነበር። አላስተባበልኩም። እንደ ውሃ ጠጣሁት።

እንዲህ ሆኜ ኖርኩ። አባቴን ጦርኩ፣ ቀበርኩ። ሱቁን ይዤ የልክ ወረቀቶቹን ሁሉ በአዲስ ስም ጻፍኳቸው። የፊቢን አምስት ልጆች አቀፍኩ። በየገናው ኤክሰተር እወርዳለሁ፤ ዝይው ተቆርጦ ሲያልቅ አንዱ ልጅ «እማዬ፣ የጓንቱን ታሪክ ንገሪን!» ይላል። ፊቢ ትናገራለች፣ ሁሉም ይስቃሉ፣ በመጨረሻም አምብሮስ ብርጭቆውን ወደ እኔ ያነሣል። እኔም እስቃለሁ። በየዓመቱ «ዘንድሮ እናገራለሁ» ብዬ እሄድና ሳልናገር እመለሳለሁ። ከዚያ ማዕድ ላይ የበላሁት ዝይ አንዱም አልጣፈጠኝም።

አምብሮስ ባለፈው ኅዳር ሞተ። በሰኔ ፊቢን ልጠይቃት ሄድኩ። ጓሮ ወንበር ላይ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አላዘጋጀሁም፤ ወጣብኝ።

«ፊቢ፣ ያንን ደብዳቤ ሳነበው ያንቺ መሆኑን አውቄ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን።»

እጇ አልቆመም። «አውቃለሁ» አለችኝ።

«ምኑን ታውቂያለሽ?»

«በተጋባን በሳምንቱ አምብሮስ የጻፈውን በሙሉ በቃሉ አለልኝ። የመኸሩ እራት አለበት። አንቺ ደግሞ ያኔ ላይም ነበርሽ። ሞኝ ነኝ እንዴ፣ ሄቲ?»

«እሱም ያውቅ ነበር?»

«እሱማ ደረጃው ላይ ቆመሽ ያየሽ ቀን ነው ያወቀው።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ወሬ? ምስኪኗ ሄስተር፣ ደጓ ሄስተር… ያንን የማያውቅ ሰው ነው ያወራው ብዬ…»

«አምብሮስ ነው» አለች ፊቢ። «ያን ቀን ከቤታችን ወጥቶ በቀጥታ ሚስስ ፕሩየት ቤት ገባ። ለእሷ ከነገርኳት እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል ብሎ። ሄስተር ደግነት ነው ያደረገችው፣ ስድቡም እኔ እንዳልጸጸት ብላ ነው አላት።»

«ለምን?»

አንድ ፍሬ አተር ሣሩ ላይ ወደቀባት፣ ጎንበስ ብላ አነሣቻት። «እንዳታፍሪ ብሎ ነዋ» አለችኝ።

ሠላሳ አምስት ዓመት ብርጭቆውን ያነሣልኝ የነበረው እያወቀ ነው። በፈረስ ላብ ያዋረድኩት ሰው፣ ከበራችን ወጥቶ መቶ እርምጃ ሳይሄድ፣ ስሜን አነሣልኝ። እኔ አንዲት ቃል ይቅርታ ሳልለው ቀበርኩት፤ በቀብሩም ላይ ሰዎች «ለእርስዎ ምንኛ ከባድ ነው» ሲሉኝ አንገቴን ነቀነቅሁ። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ፊቢ በጥፊ ብትመታኝ እመርጥ ነበር።

«እራት ትቆያለሽ?» አለችኝ።

«እቆያለሁ» አልኳት። የአተሩን ሳህን ወደ መካከላችን ሳበችው፣ እኔም መፈልፈል ጀመርኩ።